ሳይቀዳ የቀረ ደም

ስሙኝማ የደሴ ልጆች፤ የኮምቦልቻም፣ የሐይቅም፣ የባቲም፣ የከሚሴም ሰው ካለ ጠጋ ይበል። ዛሬ የማወጋችሁ የጡት ካንሰርን ነገር ነው፤ አባቶቻችን ነቀርሳ የሚሉትን። ወጌን ግን ከሆስፒታል አልጀምረውም። ከቤት ግድግዳ ነው የምጀምረው።

በ1950 ዓ.ም. ክረምቱ ያለ ልኩ ዘነበ። ሙቀቱም ከወትሮው በረታ። ታዲያ ወባ ከቆላው ተነሥታ ሽቅብ ወጣች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለው አገር፣ ወባን በስም እንጂ በአካል እምብዛም የማያውቀው ወይና ደጋ ተመታ። ኮምቦልቻም ከዚሁ እርከን ውስጥ ናት። በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ሰው ሞተ ተብሎ ተገመተ። በአንድ ወረርሽኝ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ!

የዚያን ዘመን መከላከያ ዲዲቲ ነበር። ነፍሳት ገዳይ መሆኑን የደረሰበት ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በኛ አገር ከወረርሽኙ በፊት ለሙከራ ከተረጨባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የወሎው የቆቦ ሜዳ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመና ርጭቱ የአገር ዘመቻ ሆነ። ይህችን 1959 የምትባል ዓመት ያዙልኝ፤ ተመልሼ እፈልጋታለሁ።

ረጪዎቹ ሲመጡ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። እንስራው ይወጣል፣ ሞሰቡ ይወጣል፣ አጎዛው ይወጣል፣ ሕፃን ታዝሎ ይወጣል። ሰውየው ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ፣ ፓምፑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ ግድግዳውን ያጥበዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ግራም ዲዲቲ እንዲያርፍ ነው ስሌቱ። ሲደርቅ ነጭ ልባስ ሆኖ ይቀራል፤ ለወራት ይሠራል። ቢምቢዋ ደም መጥጣ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ትሞታለች። ቁንጫና ትኋንም አብሮ ያልቃል፤ እናቶች ለዚያ ደግሞ ለብቻው መርቀዋል። በዓል ሲደርስ ወይ ሠርግ ሲኖር ግን እናት እበትና ጭቃዋን ለውሳ ግድግዳውን መልሳ ትለቀልቀዋለች፤ መድኃኒቱም ከልቅላቂው ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ረጪዎቹን ከሁሉ የሚያበሳጫቸው ይኸው ነበር።

ይህን ርጭት ዛሬ ተነሥቼ ልወቅሰው አልፈልግም። ስንት ልጅ እንዳተረፈ አውቃለሁና። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ጡቷ ገና ያላጎጠጎጠ ልጅ ነበረች። ነጩ ልባስ ባለበት ግድግዳ ሥር ትተኛለች፣ ወለሉን ትጠርጋለች፣ የሚረግፈውን አቧራ ከነሞተው ነፍሳት ትዝቃለች። የኔ ወግ የእሷ ወግ ነው።

አሁን ወደ 1959 ልመለስ። እኛ አገር የወባ ማጥፊያ በተቋቋመበት ዓመት፣ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ በምትባል ከተማ አንድ ሌላ ሥራ ተጀመረ። የሥራው መሥራች ጃኮብ የሩሻልሚ ይባላል፤ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። የፈለገው የእናቶች እርግዝና የልጆችን ጤና እንዴት እንደሚቀርጸው ማወቅ ነበር። ስለዚህ ከ1959 እስከ 1967 ድረስ በአንድ የሕክምና ድርጅት የሚረዱ 15 ሺህ ያህል እናቶችን መዘገበ። ጠየቃቸው፣ ለካቸው፣ ደማቸውንም ቀዳ። ከዚያ ደሙን አልደፋውም። በብልቃጥ አድርጎ፣ አቀዝቅዞ፣ ስምና ቀን ጽፎ አስቀመጠው። የጡት ካንሰር በሐሳቡ አልነበረም። የሩሻልሚ እ.ኤ.አ. በ1973 ሞተ፤ ብልቃጦቹ ግን በበረዶ ውስጥ ቆዩ።

ብልቃጦቹ እንዲያ ተቀምጠው ሳለ ውጭ ክርክሩ ተነሣ። ራሔል ካርሰን የምትባል የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ዲዲቲ አዕዋፍንና ዓሣን እንዴት እንደሚጨርስ መጽሐፍ ጽፋ አሜሪካን አናወጠች። መጽሐፉን ስትጽፍ ራሷ የጡት ካንሰር ታማሚ ነበረች፤ ሕመሟን ከሕዝብ ሰውራ ጨረሰችው፤ በ1964 ሚያዝያ ላይ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች። እኛ ግን ወባ ስላልተወችን ቀጠልን፤ አዳሚ ቱሉ ላይ ፋብሪካ ተክለን እስከ ማዘጋጀት ደረስን። በቤት ውስጥ መርጨቱን ያቆምነው በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ያውም ቢምቢዋ ስለለመደችውና አልሞትም ስላለች።

ዲዲቲ ጡትን ይጎዳል ወይ? ይህን ጥያቄ ሳይንስ ሲያነሣና ሲጥል ስንት ዓመት እንደፈጀ ላውጋችሁ፤ ምርምር ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሜሪ ዎልፍ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የኒው ዮርክ ሴቶችን ደም መርምራ፣ የዲዲቲ ትራፊ በደሙ ውስጥ የበዛባቸው የጡት ካንሰር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው አለች። ዓለም ደነገጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሎንግ አይላንድ በሚባለው የኒው ዮርክ ደሴት ጥናት እንዲካሄድ በሕግ አዘዘ፤ የዚያ አገር ሴቶች ራሳቸው ተደራጅተው፣ ጮኸው ያስወሰኑት ነው። ከዚያ ግን ሌሎች ጥናቶች ተራ በተራ መጡና ምንም አላገኘንም አሉ። በ1997 በነርሶች ላይ የተደረገው ትልቁ ጥናት አላገኘም። በ2002 የወጣው የሎንግ አይላንዱም ከዲዲቲ ጋር ግንኙነት አላየሁም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መዝገቡን ዘጋው።

ባርባራ ኮን ግን አልዘጋችውም። የኦክላንዱን ብልቃጦች የወረሰችው እሷ ናት። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ደም የቀዱት ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት ሴቶች ነው፤ መርጨቱ ከቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ። በዚያን ጊዜ በደም ውስጥ የሚቀረው ዲዲቲው ከሰውነት ጋር ኖሮ የተለወጠበት ትራፊ ነው። ይህች ሴት ዲዲቲ ያገኛት በስንት ዓመቷ ነው? የሚለውን ትራፊው አይመልስም። የኦክላንዱ ደም ግን ገና ዲዲቲ አገር ምድሩን በሞላበት ዘመን፣ ከወጣት እናቶች የተቀዳ ነው። ኮን ከሃምሳ ዓመታቸው በፊት የጡት ካንሰር የያዛቸውን 129 ሴቶች ደም ከበረዶ አወጣች፤ ካልታመሙ 129 ሴቶች ደም ጋር አስተያየችው። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ ታተመ። ዲዲቲ በሰፊው መረጨት ሲጀምር፣ በ1945፣ ዕድሜያቸው ከ14 በታች ከነበሩት መካከል፣ በደማቸው ዲዲቲ የበዛባቸው ሴቶች የጡት ካንሰር ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ከ14 ዓመት ያለፉት ግን ለውጥ አልታየባቸውም።

ከ14 በታች! ጡቷን ለመሥራት የሚዘጋጀው የዚያች ልጅ ሰውነት ነው የተነካው። ወሎዬ ገበሬ ይህን ለመረዳት ዶክተር አያስፈልገውም፤ ውርጭ ቡቃያ ላይ ሲወድቅና ነዶ ላይ ሲወድቅ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። የጡት ሥርና ቅርንጫፍ የሚዘረጋው በማሕፀን ውስጥ ሳለን፣ ከዚያ ልጅቷ ስታጎጠጉጥ፣ ከዚያ ደግሞ ስታረግዝ ነው። በእነዚህ ወቅቶች ሕዋሳቱ በፍጥነት ይባዛሉ፤ የነካቸውን ነገር ምልክት ይዘው ያድጋሉ። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ከወደቀ በኋላ የታየውም ይኸው ነበር፤ ከተረፉት ሴቶች ውስጥ ኋላ በጡት ካንሰር ይበልጥ የተጎዱት ያኔ ልጃገረድ የነበሩት ናቸው።

የኦክላንድ ብልቃጦች እዚህም አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮንና ባልደረቦቿ የእነዚያን እናቶች ሴት ልጆች ተከታትለው፣ እናታቸው እርጉዝ ሳለች በደሟ ዲዲቲ የበዛባት ልጅ እስከ 52 ዓመቷ የጡት ካንሰር ዕድሏ ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ ጻፉ። በ2021 ደግሞ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ሄዱ። የአያታቸው ደም ዲዲቲ በዝቶበት የነበረ ልጃገረዶች ቀድመው የወር አበባ የማየትና የመወፈር ዝንባሌ ታየባቸው። የወር አበባ ቀድሞ መምጣቱ ራሱ ለጡት ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች የሚቆጠር ነው። አያት፣ እናት፣ ልጅ፤ ሦስቱን ትውልድ አገናኝቶ ያናገራቸው አንድ የደም ብልቃጥ ነው።

እኛስ? የቆቦ ሜዳ ልጃገረድ፣ የጨፋ፣ የቃሉ፣ የባቲ ልጃገረድ ደሟን ማን ቀዳላት? ማንም። እዚህ ላይ አንጀቴ ይቃጠላል። የኦክላንድ ልጅ ዲዲቲን ያገኘችው ከመንገድ ዳርና ከምግብ ነው፤ የኛዋ ግን ከተረጨ ግድግዳ ሥር ነው ያደገችው። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረችው ዛሬ ብትኖር ዕድሜዋ ከሰባ ዘልቋል። ጥያቄውን ልንጠይቃት የምንችልበት ጊዜ አልፏል። ኋላ በኛ አገር ጂማና አካባቢዋ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች ተመራማሪዎች የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት መርምረው ዲዲቲ አግኝተውበታል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በጫትና በስንዴ ላይም ተገኝቷል። ለወባ የመጣ ዱቄት ከግምጃ ቤት እየወጣ ማሳ ውስጥ መግባቱን ጫት አብቃዩም ቃሚውም ያውቃል። ጫት በሚበቅልበት በኛ በወሎ ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም።

አንዲት የምታጠባ እናት ይህን ሰምታ ልጇን ከጡቷ እንዳትነጥል፤ አደራ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው፣ ማጥባት ራሱ ከጡት ካንሰር እንደሚከላከል ታይቷል። ሴት ባጠባችበት በእያንዳንዱ ዓመት የጡት ካንሰር ዕድሏ በመቶ 4.3 ይቀንሳል። ለልጁ ያለውን ጥቅም ሳንቆጥር ነው። ይህን ነገር ሰዎች የጠረጠሩት ከጥንት ነው፤ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በገዳም የሚኖሩ መነኮሳይት ከሌሎች ሴቶች ይበልጥ በጡት ነቀርሳ እንደሚያዙ አስተውሎ ጽፏል። እነሱ አይወልዱም፣ አያጠቡምና።

የመነኩሲት ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ ሌላዋ ልንገራችሁና ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ሲስተር ካትሪን ፍራንሲስ ማሎን የምትባል ካቶሊካዊት መነኩሲት በጡት ካንሰር አረፈች። ከሰውነቷ የተወሰዱት የካንሰር ሕዋሳት ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ መራባት ቀጠሉ፤ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች ይሠሩባቸዋል። የእነዚህ ሕዋሳት ጠባይ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ሲያገኙ መባዛት፣ ሲያጡ መቆም ነው። ታዲያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ ቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር ገጠማቸው። ኢስትሮጅን በሌለበት ሕዋሳቱ ይባዙ ጀመር። ወራት ለፉ። ኋላ ላይ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ፈሳሹን የሚያስቀምጡበት የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ከቱቦው ኖኒልፌኖል የሚባል ኬሚካል እየወጣ እንደ ኢስትሮጅን ሲሠራ ኖሯል። በ1991 አሳተሙት። ሆርሞን ያልሆነ ነገር ሆርሞን መስሎ ጡትን ሊያናግር እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ኖኒልፌኖል ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ለማጠብና ለማቅለም ከሚያገለግሉ አንዳንድ ሳሙናዎች ፍርስራሽ የሚወጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሳሙናውን በአገሩ ካገደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም ከውጭ በሚያስገባው የሚታጠብ ጨርቅ ላይ ከመቶ 0.01 በላይ እንዳይገኝ ደንግጓል። ምክንያቱም ልብሱ እዚያ ሲታጠብ ወንዛቸው ይበከላልና። እኔ ይህን ሕግ ሳነብ የመጣብኝ የሌዮሌ ወንዝ ነው።

ሌዮሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከወርቃ ወንዝ ጋር ሆኖ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዛችን ነው። ከብት ይጠጣዋል፤ አትክልት ይለማበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል። እስክንድር ዝናቡ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013ና በ2014 ክረምት ከአምስት ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፍሳሽና የሁለቱን ወንዞች ውኃ እየቀዱ ለኩ። ከቆዳ ፋብሪካው በላይ ያለው የሌዮሌ ውኃ በሊትር 51 ማይክሮግራም ክሮሚየም ነበረው። ፍሳሹ ከተቀላቀለበት በታች 2,660 ሆነ፤ 52 እጥፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ልክ 50 ነው። ከብረታ ብረት ፋብሪካው በታች ደግሞ ዚንክ ከ110 ወደ 520 ከፍ አለ። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራውና የሥጋው ፋብሪካ ፍሳሽ በብረታ ብረት በኩል ከልኩ አላለፈም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አገሪቱ አላት፤ ተመራማሪዎቹም ሕጉ እያለ ፍሳሹን የሚቆጣጠር ግልጽ እርምጃ እንዳልተወሰደ ጽፈዋል።

ክሮሚየም ጡትን አያውቅም፤ እውነቱን ልናገር። ከዓይነቶቹ አንዱ ካንሰር አምጪ መሆኑ በሳንባ የተረጋገጠ ነው፤ የጡት ካንሰር አምጥቷል የሚል ማስረጃ የለም። እንግዲህ ወንዙ ቆሽሿልና ካንሰሩ ከዚያ ነው ብሎ መደምደም ጥድፊያ ነው። ነገር ግን የተለካው ብረት ብቻ ነው። እንደ ኢስትሮጅን የሚሠሩትን ለማግኘት ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጡቷ የሚያጎጠጉጥ ልጅ በምትጠጣው ወንዝ ላይ ከሁሉ በፊት መለካት የነበረባቸው ደግሞ እነሱ ናቸው።

የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዓመት። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ደመወዝ የያዙ ልጆች። ሥራው ይቅርባቸው የሚል ክፉ ቃል ከኔ አይወጣም። እንዲያውም ስለ እነሱ ሳስብ የሻንጋይ ሴቶች ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በቻይና ሻንጋይ ከ266 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሴቶች ተመዘገቡ። መጀመሪያ የታሰበው ጡትን በራስ እጅ መዳበስ ሞትን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት ነበር። በ2002 ውጤቱ ወጣ፤ መዳበሱን መማር ብቻውን ሞትን አልቀነሰም። ነገር ግን እያንዳንዷ ሴት በየትኛው ክፍል እንደሠራች፣ ስንት ዓመት እንደሠራች ተጽፎ ስለነበር፣ መዝገቡ ሌላ ጥያቄ ሁሉ የሚመልስ ሆነ። የሌሊት ፈረቃ ጡትን ይጎዳል የሚለው አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ሥራን ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም ከሚላቸው ውስጥ በ2007 አስገብቶ በ2019 አጽንቶታል። በሻንጋይ ሴቶች ላይ ግን በ2015 የወጣው ምርመራ ከሌሊት ፈረቃ ጋር የጨመረ የጡት ካንሰር አላገኘም። የተጠረጠረውን ነፃ የሚያወጣውም፣ የሚያስይዘውም መዝገብ ነው።

የፀጉር ማለስለሻውንና ቀለሙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፒያሳ ላይ ያሉ የውበት ሳሎኖች ሁሉ ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ እህቶቻቸው የጡት ካንሰር የያዛቸው ከ50 ሺህ በላይ ሴቶችን የሚከታተል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውጤት፣ ቋሚ የፀጉር ቀለም በሚጠቀሙ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ዕድል በመቶ 45 ከፍ ብሎ፣ በማለስለሻ ተጠቃሚዎችም ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። አንድ ጥናት ነው፤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ለልጆቻችን ፀጉር ማለስለሻ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው መቀባት ግን ይቅር ብዬ እለምናለሁ፤ ስለ ዕድሜ ያወጋሁትን አስቡት።

ሕመሙ ከመጣስ? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ዶክተር ማቴዎስ አሰፋና የጀርመን ባልደረቦቻቸው ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ 1,070 ሴቶችን ተከታትለዋል። የዕድሜያቸው መካከለኛ 43 ነበር። ይህ ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል፤ በፈረንጅ አገር ታማሚዋ ስልሳ አካባቢ ናትና። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የኛ ሕዝብ ወጣት ነው። ሌላው ምክንያት ምንድን ነው የሚለውን ነው መጠየቅ ያለብን። አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የመጡት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ አላት፤ በሴቶች ላይ ከሚገኘው ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። ለመላ አገሪቱ በ2020 የተገመተው አዲስ ታማሚ 16,133 ነው።

የደሴዋ ታማሚ ኬሞ ስትወስድ ከሚሰጧት አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል። የዘር ሐረጉን ብትከታተሉ ምን ጋ እንደሚያደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን በቦምብ ደበደቡ። በዚያው ጦርነት ተከዜ ላይና አሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ይፔሪት የሚባለውን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ረጩ። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የዚህን መርዝ የቅርብ ዘመድ መርምረው ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚጨርስ አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ለካንሰር ታማሚ ሰጡት። ሳይክሎፎስፋማይድ የተወለደው ከዚያ ቤተሰብ ነው። አያቶቻችንን ያቃጠለው መርዝ ዘመድ፣ ተመጥኖና ተለክቶ፣ ዛሬ በልጅ ልጃቸው ክንድ ላይ ሕይወት ለማትረፍ ይንጠባጠባል። ኬሚካል በልክ፣ በጊዜና በዕውቀት ሲሆን መድኃኒት ነው።

የጨረር ሕክምናው ግን ለብዙ ዘመን አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ 400 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ። ወረፋው ደግሞ የወራት ነበር። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴው ሆስፒታል ተዘረፈ። ይህን የማነሣው አንድ ነገር ስለምፈልግ ነው።

የምፈልገው ብልቃጡን ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱ ደሴ ነው፣ የቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ነው፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ከፓርኩና ከጨርቃ ጨርቁ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣት ሴቶች፣ ምን እንደሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው፣ ደም ቢሰጡ፣ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ አዲስ አበባ ቢቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ቢኖረው፤ አንዱ ቢዘረፍ ሌላው ይተርፋል። ከኦክላንዱ ደም እስከ መጀመሪያው መልስ 48 ዓመት ሄዷል። ዛሬ 18 ዓመቷ የሆነች የኮምቦልቻ ሠራተኛ የጥቁር አንበሳዎቹ ሴቶች ዕድሜ ላይ ለመድረስ 25 ዓመት ይቀራታል። እስከዚያ ቅጹ ላይ የሚሞላው ብዙ አይደለም። የት ተወለድሽ? ቤታችሁ የወባ መድኃኒት ተረጭቶ ያውቃል? ልጅ ሳለሽ የጠጣሽው ውኃ ከየት ነበር? ማድ ቤታችሁ መስኮት ነበረው? የወር አበባ ያየሽው በስንት ዓመትሽ ነው? በየትኛው ክፍል ትሠሪያለሽ፣ ስፌት ወይስ ማቅለሚያ? ሌሊት ትገቢያለሽ? እናትሽ ወይ አክስትሽ በጡት ታማ ታውቃለች? የምትገኚበት ስልክ ስንት ነው? ከሥሩ ደግሞ ፊርማዋ፣ ቀኑ፣ የብልቃጡ ቁጥር።